ማሪ ኩሪና በሴቶች መዋጮ የተገዛው አንድ ግራም

የማኅበራችንን ሒሳብ ስሠራ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ የማየው ወጪ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ለሚላኩ አባላት የሚሰጠው ድጋፍ ነው። ከወልቂጤም ይሄዳሉ፣ ከቡታጅራም ይሄዳሉ። አንዷ እንቅርቷን ልትታይ፣ ሌላዋ ጡቷ ላይ የወጣውን እብጠት ልታስመረምር። ጥቁር አንበሳ ከደረሱት መካከል አንዳንዶቹ የኑክሌር ሕክምና ወደሚባለው ክፍል ይመራሉ። እዚያ በደም ሥራቸው ጥቂት ፈሳሽ ይሰጣቸውና ካሜራ ሥር ይተኛሉ፤ ካሜራው ፈሳሹ ሰውነታቸው ውስጥ የት የት እንደተቀመጠ ያነሳል። ምርመራው ይኸው ነው። ወሬው ግን ከምርመራው ይበልጣል። ማኅፀን ያደርቃል ይባላል፤ የተመረመረች ሴት ከልጆቿ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት የለባትም ይባላል፤ ጨረሩ ዕድሜ ልክ ከሰውነት አይወጣም ይባላል። ይህንን ፈርታ ቀጠሮዋን ያሳለፈች ሴት አውቃለሁ።

ወሬው ሁሉ ከባዶ የተነሣ አይደለም። ጨረር ሰው እንደሚጎዳ ዓለም የተማረው በከፊል በአንዲት ሴት አካል ላይ ነው። ለበሽተኛ እንዲውል ያደረገችውም ያችው ሴት ናት። በዚህ እትም የማሪ ኩሪን ሕይወት ለመጻፍ የፈለግሁት ስለዚህ ነው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ የጤና ባለሙያ አይደለሁም፤ ስለዚህ ከሕይወቷ ውስጥ ገንዘቡና መዝገቡ ዓይኔን አብዝቶ ቢስበው አትፍረዱብኝ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ማሪያ ስክሎዶቭስካ በኖቬምበር 7 ቀን 1867 ዋርሶ ከተማ ተወለደች። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከመሞታቸው አምስት ወር ያህል በፊት መሆኑ ነው። ፖላንድ ያን ጊዜ ራሷን የቻለች አገር አልነበረችም፤ ዋርሶ በሩሲያ ቄሣር ሥር ነበረች። አባቷም እናቷም መምህራን ነበሩ። አምስተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበረች። አባቷ ከሩሲያ ሹሞች ጋር ባለመስማማቱ ከሥራው ዝቅ ተደረገ፤ ደመወዙም ቀነሰ። ያጠራቀመውን ገንዘብ ደግሞ ለማይሆን ንግድ አውሎት ከሰረ። ቤተሰቡ ተከራይ ተማሪዎችን እያስገባ መኖር ጀመረ። ታላቅ እህቷ በተስቦ ሞተች፤ ማሪያ አሥር ዓመቷ ሳለ እናቷም በሳንባ ነቀርሳ ሞተች።

በ1883 ሁለተኛ ደረጃን በወርቅ ሜዳሊያ ጨረሰች። ከዚያ በኋላ መንገዱ ተዘጋ፤ የዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ሴት አይቀበልም ነበር። ወጣቶቹ በየሰው ቤት እየተደበቁ፣ ፖሊስ እንዳይደርስባቸው ቦታ እየለወጡ የሚማሩበት ስውር ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ማሪያና እህቷ ብሮንያ እዚያ ገቡ። ዲግሪ ግን የሚገኘው ፓሪስ ነው፤ ለፓሪስ ደግሞ ገንዘብ የለም።

እዚህ ላይ ለኛ ለዕቁብ ሰዎች በጣም የሚገባን ነገር ተፈጸመ። ሁለቱ እህትማማቾች ውል ገቡ። ማሪያ ሰው ቤት ተቀጥራ ልጆች እያስተማረች ለብሮንያ የሕክምና ትምህርት ትከፍላለች፤ ብሮንያ ሐኪም ስትሆን በተራዋ ማሪያን ታስተምራለች። ዳኛም ዋስም የሌለው የሁለት ሰው ዕቁብ ነው። የመጀመሪያው ዕጣ ለታላቂቱ ወጣ። ማሪያ በ1886 መጀመሪያ ከዋርሶ ርቃ ወደ ገጠር ሄደች፤ የስኳር ቀይ ሥር ከሚያለማ ባለርስት ቤት በዓመት 500 ሩብል ተቀጠረች። ከምታገኘው ግማሽ ያህሉን ለእህቷ ትልክ ነበር። በትርፍ ሰዓቷ የገበሬ ልጆችን በፖላንድኛ ማንበብና መጻፍ ታስተምራለች፤ ይህ በሩሲያ ሕግ የሚያስቀጣ ነበር። ሌሊት የፊዚክስና የሒሳብ መጻሕፍት ታነባለች።

እዚያው ቤት የባለርስቱ ታላቅ ልጅ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ሊጋቡ ሲሉ ወላጆቹ ድሀና ቅጥረኛ ናት ብለው ከለከሉ። ሥራዋን ትታ መሄድ አልቻለችም፤ የእህቷ ወርኃዊ መዋጮ ነበርና። ከእምቢታው በኋላም እዚያው ቤት ተቀምጣ፣ የዚያኑ ቤተሰብ ልጆች አስተምራ፣ ደመወዟን እየተቀበለች ብሮንያን መርዳቷን ቀጠለች። በጉራጌ ታላቅ ወንድም መርካቶ ገብቶ ታናሹን፣ ታናሹም የሚከተለውን እየሳበ እንዴት እንደወጣ ሁላችንም እናውቃለን። ለእህቶች እንዲህ ያለ ውል ስንቱ ቤት እንደተገባ ግን እንጃ።

ብሮንያ ነይ ብላ ስትጽፍላት ማሪያ አመነታች። አባቷን ትቶ መሄድ ከበዳት፤ ዕጣዋ ሲደርሳት ራሷ ልትተወው ነበር። በመጨረሻ በ1891 በልግ፣ 24 ዓመት ሊሞላት ሲል፣ የራሷን ታጣፊ ወንበርና ስንቋን ይዛ በርካሹ ባቡር ፓሪስ ገባች። ሶርቦን ዩኒቨርሲቲ ተመዘገበች። ጣሪያ ሥር ያለ ብርዳም ክፍል ተከራየች፤ ሌሊት ያላትን ልብስ ሁሉ ደርባ ትተኛ ነበር። በ1893 በፊዚክስ ከሁሉ አንደኛ፣ በ1894 በሒሳብ ሁለተኛ ሆና ወጣች። ለሁለተኛው ዲግሪ ያበቃት ከአገሯ ያገኘችው የ600 ሩብል የነፃ ትምህርት ድጋፍ ነበር። ሥራ ይዛ የመጀመሪያውን ገንዘብ ስታገኝ 600 ሩብሉን መልሳ ላከች። ማንም አልጠየቃትም፤ የሰጡትም ክፍል ገንዘብ ሲመለስለት ተደነቀ። ሌላ ችግረኛ ተማሪ ትውሰደው ብላ ነው። እኛ ተዘዋዋሪ ብድር የምንለውን እሷ ደንብ ሳይጻፍላት ፈጸመችው።

በ1894 ፒየር ኩሪ ከተባለ ዝምተኛ ሳይንቲስት ጋር ተዋወቀች። በጁላይ 1895 ተጋቡ። የሠርግ ልብሷ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ነበር፤ በኋላ ላቦራቶሪ ለብሳው ሠርታበታለች። ለሠርጋቸው በተሰጣቸው ገንዘብ ሁለት ብስክሌት ገዙ። ከዚያን ጊዜ ጀምራ የቤቷን ገቢና ወጪ በመዝገብ ታሰፍር ነበር። ይህንን ሳነብ ወደድኳት፤ አልደብቅም።

በዚያው ዓመት በኖቬምበር ጀርመናዊው ሮንትገን ኤክስሬይን አገኘ። ነገሩ እኛንም ቶሎ ነክቶናል። አራት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ በማርች 1 ቀን 1896፣ የአድዋ ጦርነት ሆነ። ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው ከተመለሱት የጣሊያን ወታደሮች መካከል በክንዳቸው ጥይት የቀረባቸውን፣ አልቫሮ የተባለ ወታደራዊ ሐኪም በሜይ ወር ኔፕልስ ላይ በኤክስሬይ አያቸው። በጦርነት የቆሰለ ሰው በኤክስሬይ ሲመረመር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይህ ነው። የተፈለገው ጥይት የአባቶቻችን ነበር።

በ1896 መጀመሪያ ፈረንሳዊው ቤክሬል ዩራኒየም ማንም ሳይነካው ከራሱ ጨረር እንደሚያወጣ አየ። ብዙዎች ነገሩን ችላ አሉት። ማሪ ለዶክትሬት ጥናቷ መረጠችው። ፒየርና ወንድሙ በሠሩት መሣሪያ ጨረሩን እየለካች ሄደች። ከዚያ ሒሳቡ አልገጥም አላት፤ ዩራኒየም የሚወጣበት ጥቁር ድንጋይ ከዩራኒየሙ ከራሱ የበለጠ ይጨርራል። ዝርዝሩ ተደምሮ ከጠቅላላው ካነሰ ያልተመዘገበ ነገር አለ ማለት ነው፤ ማንኛዋም የሒሳብ ሠራተኛ እንዲሁ ታስባለች። ፒየር የራሱን ሥራ ትቶ ተቀላቀላት። በጁላይ 1898 ፖሎኒየምን፣ በዲሴምበር ሬዲየምን አስታወቁ። ፖሎኒየም የሚለው ስም በካርታ ላይ ለሌለችው አገሯ የተሰጠ ነው። ሬዲዮአክቲቭ የሚለውን ቃልም ያወጣችው እሷ ናት።

ስሙን ማውጣት ቀላሉ ነበር። ሬዲየሙን ለይቶ ለማሳየት ጣሪያው የሚያፈስ፣ ቀድሞ የሕክምና ተማሪዎች ሬሳ ይመረምሩበት የነበረ መጋዘን ተሰጣቸው። ዩራኒየሙ ከወጣለት በኋላ የተጣለ ዝቃጭ በጆንያ በጆንያ ከኦስትሪያ መጣ። ማሪ ቁመቷን በሚያህል የብረት ዘንግ የሚፈላውን ቀኑን ሙሉ ታማስል ነበር። ጠላ ወይም አረቄ ያወጣች ሴት ያንን ድካም ትገምተዋለች፤ እሷ ግን ይህንን ያደረገችው ወደ አራት ዓመት ነው። በ1902 ከቶን በላይ ዝቃጭ ተጣርቶ የተገኘው የግራም አንድ አሥረኛ ነበር። ማታ ማታ ባልና ሚስቱ እየሄዱ ብልቃጦቹ በጨለማ ሲያበሩ ያዩ ነበር። የማውጣቱን ዘዴ በስማቸው አስመዝግበው ሀብታም መሆን ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። ለጠየቃቸው ሁሉ ዘዴውን በነፃ ጻፉ።

በ1903 የኖቤል ሽልማት ሲታሰብ የመጀመሪያው ጥቆማ ለቤክሬልና ለፒየር ብቻ ነበር። አንድ ስዊድናዊ የሒሳብ ሊቅ ለፒየር ምስጢሩን ነገረው፤ ፒየርም ማሪ እንድትካተት ጠየቀ። የዚያ ሰው ደብዳቤ ባይደርስ ኖሮ ስሟ ይዘለል ነበር። በኤፕሪል 1906 ፒየር ዝናብ በሚጥልበት ቀን መንገድ ሲሻገር ፈረስ የሚጎትተው የጭነት ጋሪ ሄደበትና ሞተ። በ38 ዓመቷ ሁለት ሴት ልጆች ይዛ ቀረች። የጡረታ አበል ሲሰጧት ሥራ እችላለሁ ብላ አልተቀበለችም። የባሏን ወንበር ሰጧት፤ በሶርቦን ያስተማረች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

በ1911 የሳይንስ አካዳሚው በጥቂት ድምፅ አልቀበልም አላት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከአንድ ባለትዳር የሥራ ባልደረባዋ ጋር ያላትን ወዳጅነት ጋዜጦች አወጡት፤ ሕዝብ ቤቷ በር ላይ ተሰብስቦ ጮኸባት። ሁለተኛው የኖቤል ሽልማት የተሰጣት በዚሁ ሳምንት ነው። ከኮሚቴው አንዱ ባትመጪ ይሻላል የሚል ደብዳቤ ጻፈላት። ሽልማቱ ለሥራዬ እንጂ ለኑሮዬ አይደለም በሚል መልስ ሄዳ ተቀበለች። የሰውየው ስም በአደባባይ ይህን ያህል አልጎደፈም። የቃቄ ውርድወትን ታሪክ ሰምታ ያደገች የጉራጌ ሴት በዚህ አትገረምም።

በ1914 ጦርነት ሲነሳ የነበራትን አንድ ግራም ሬዲየም በእርሳስ በተለበጠ ሣጥን ይዛ በባቡር ወደ ቦርዶ ወሰደችና አስቀምጣ ወደ ፓሪስ ተመለሰች። ከዚያ የኤክስሬይ መሣሪያ በመኪና ላይ ማስጫን ጀመረች። መኪናውን ከባለጸጎች እየለመነች፣ ኤሌክትሪኩን ከመኪናው ሞተር እያወጣች 20 ያህል ተንቀሳቃሽና 200 ያህል ቋሚ የኤክስሬይ ጣቢያ አቋቋመች። መንዳት ተማረች። ልጇ ኢሬን 17 ዓመት ሲሞላት አብራት ተሰለፈች። 150 ያህል ሴቶችን በኤክስሬይ ሥራ አሠለጠነች፤ ከነሱ መካከል የቤት ሠራተኛ የነበሩም ነበሩ። በነዚህ ጣቢያዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቁስለኛ ታየ።

ብዙ ሰው የማያነሳው ግን ሌላ ሥራ ነበር፤ ለኔ የዚህ ጽሑፍ እምብርት እሱ ነው። ሬዲየም ሲጨርር ሬዶን የሚባል ጋዝ ይወልዳል። ሬዲየሙ ግማሹ የሚያልቀው በ1,600 ዓመት ነው፤ ጋዙ ግን በ4 ቀን ባልሞላ ጊዜ ግማሹ ይጠፋል። ማሪ ውዱን ሬዲየም ከሣጥኑ ሳታወጣ ጋዙን ብቻ እየቀዳች በትናንሽ የመስታወት ቱቦ አሽጋ ለሆስፒታሎች መላክ ጀመረች፤ ሐኪሞቹ በመርፌ ውስጥ አድርገው ቁስል ላይ ያኖሩታል። ላሟ ከበረት አትወጣም፤ የሚወጣው ወተቱ ነው። ይህ የኔ ምሳሌ አይደለም። ዛሬ በኑክሌር ሕክምና የሚሠሩ ባለሙያዎች ዕቃቸውን በእውነት ላም ይሉታል፤ ሥራውንም ማለብ።

የጥቁር አንበሳው ምርመራ የሚሠራው በዚሁ ብልሃት ነው። ላሟ ሞሊብዲነም 99 ትባላለች፤ ግማሿ የሚያልቀው በ66 ሰዓት ነው። የምትሠራው ውጭ አገር ባለ የኑክሌር ማብለያ ነው፤ እኛ ማብለያ የለንምና በአውሮፕላን ትመጣለች። ወተቷ ቴክኒሽየም ነው፤ ግማሹ በ6 ሰዓት ያልቃል። ሒሳቡን እናስላው፤ በየስድስት ሰዓቱ ከቀሪው ላይ ግማሽ የእርጅና ቅናሽ ስንይዝ፣ ዛሬ ጠዋት የተወጋች ሴት ነገ ጠዋት በሰውነቷ የሚቀራት ቢበዛ አንድ አሥራ ስድስተኛው ነው፤ ያውም በሽንት የወጣውን ሳንቆጥር። ዕድሜ ልክ የሚባለው ይህ ነው እንግዲህ። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምታጠባ ሴት ግን አስቀድማ መናገር አለባት። ከትንንሽ ልጆች ለጥቂት ሰዓት ራቂ የተባለችም ትእዛዙን ትስማ፤ እሱ እውነተኛ ጥንቃቄ ነው። ቴክኒሽየሙ ለብቻው ሲሰጥ እንደ አዮዲን ወደ እንቅርቱ ቦታ ይሄዳል፤ ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲዋሐድ ደግሞ ወደ አጥንት ሄዶ የጡት ካንሰር ተሠራጭቶ እንደሆነ ያሳያል። ዱካ ጠቋሚ ብንለው ይስማማዋል።

ከዚህም የባሰ ቸኳይ አለ። ፍሎሪን 18 የሚባለው በ110 ደቂቃ ግማሹ ያልቃል። በውጭ አገር ትልልቅ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ሌሊት በገዛ ግቢያቸው ሠርተው ጠዋት ለበሽተኛ የሚያደርሱት ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ተሠርቶ በሚኒባስ ሦስት ሰዓት ተጉዞ ወልቂጤ ቢደርስ የሚቀረው አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት መጋዘን የለውም። ስለዚህ አባሎቻችን ለምን እዚያ ድረስ እንደሚሄዱ የሚጠይቁ ለጋሾቻችን፣ መልሱ ከመንገዱ ርዝመት በላይ በሰዓቱ ላይ መሆኑን ያስተውሉልን።

ከጦርነቱ በኋላ ማሪ ድሀ ነበረች። የሽልማቷን ገንዘብ ለመንግሥት የጦርነት ቦንድ አውላው ዋጋ አጥቶ ቀርቷል። በ1920 ሚሲ ሜሎኒ የተባለች አሜሪካዊት የሴቶች መጽሔት አዘጋጅ ልትጠይቃት መጣች። ሬዲየምን ያገኘችው ሴት ላቦራቶሪ ያለው አንድ ግራም ብቻ መሆኑን፣ አሜሪካ ግን 50 ግራም ያህል እንዳላት ሰማች። የአንድ ግራም ዋጋ 100,000 ዶላር ነበር። ሜሎኒ መጀመሪያ ጥቂት ባለጸጋ ሴቶች በአንድ ጊዜ እንዲሸፍኑት ሞከረች፤ አልሆነም። ከዚያ ለመላው የአሜሪካ ሴቶች ጥሪ አቀረበች። ትንሽ ትንሽ መዋጮ ከየከተማው መጣ፤ ዓመት ሳይሞላ ገንዘቡ ሞላ። በንጉሡ ዘመን ገንዘብ አዋጥቶ መንገዱን ያሠራ ሕዝብ ልጆች ይህ አያስደንቀንም፤ ቢሆንም ደስ ይለናል።

በሜይ 1921 ማሪ ከሁለት ልጆቿ ጋር አሜሪካ ሄደች። ስጦታውን ፕሬዚዳንት ሃርዲንግ በዋይት ሀውስ ያስረክባሉ። ከርክክቡ በፊት በነበረው ምሽት የስጦታውን ሰነድ ሰጧት። አነበበችው፤ ሬዲየሙ ለማዳም ኩሪ እንደተሰጠ ይላል። አልፈርምም አለች። እኔ ብሞት ለልጆቼ ውርስ ይሆናል፤ የላቦራቶሪው እንዲሆን ተደርጎ ይጻፍ ማለቷ ነበር። ጠዋት ይስተካከላል ቢሏትም እሺ አላለችም፤ ሌሊት ልሞት እችላለሁ ብላ በዚያው ምሽት ሕግ አዋቂ ተፈልጎ ሰነዱ ተለወጠ። በማኅበራችን ስም የመጣ የልብስ ስፌት መኪና ወይም የወፍጮ ሞተር በአንድ አባል ስም ሲመዘገብ ምን እንደሚከተል ያየን እናውቀዋለን። እኔ በበኩሌ ከሁለቱ ኖቤሎች ይልቅ በዚያ ምሽት ኮፍያዬን አነሣላታለሁ።

በ1929 የአሜሪካ ሴቶች በድጋሚ 50,000 ዶላር አዋጥተው ለሁለተኛ ግራም መግዣ ሰጧት። እሱን ለዋርሶ አደረገችው። የዋርሶው የሬዲየም ተቋም በ1932 ሲከፈት በኃላፊነት የመራችው ዶክተር ብሮንያ ነበረች፤ በገጠር ሞግዚት ደመወዝ የተማረችው ያቺው ብሮንያ።

ማሪ በዚያን ጊዜ ጤናዋ ፈርሷል። ዓይኗ በሞራ ተጋርዶ ደጋግማ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፤ ጣቶቿ ተቃጥለዋል። ለ35 ዓመት ያህል ሬዲየም በእጇ ይዛ፣ በኪሷ ከትታ፣ አጠገቧ አስቀምጣ ሠርታለች፤ በጦርነቱም ያለ በቂ መከላከያ ኤክስሬይ አንስታለች። ድካሙን ከጨረሩ ጋር ማያያዝ አትወድም ነበር። በጃንዋሪ 1934 ልጇ ኢሬንና ባሏ ፍሬዴሪክ ዦልዮ አሉሚኒየምን በፖሎኒየም ጨረር ደብድበው በተፈጥሮ ያልነበረ ሬዲዮአክቲቭ ፎስፎረስ ሠሩ። ሰው ጨረር የሚያወጣ ነገር በገዛ እጁ ሲፈጥር ይህ የመጀመሪያው ነው። ቴክኒሽየሙም፣ ፍሎሪኑም፣ ጥቁር አንበሳ በ1997 የካንሰር ሕክምና የጀመረበት ኮባልት 60ም ሁሉ ከዚያ ቀን ወዲህ የመጡ ናቸው። ኮባልቱም ያረጃል፤ በ5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ግማሹ ስለሚያልቅ ለአንድ በሽተኛ የሚወስደው ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ለብዙ ዓመታት ለመላው አገር ያለው ማዕከል ይኸው አንዱ ስለነበረ፣ የወረፋውን ርዝመት የቆሙበት ያውቁታል።

ልጆቿ የሠሩትን አዲሱን ነገር በትንሽ ቱቦ አምጥተው ሰጧት፤ በተቃጠሉት ጣቶቿ ይዛ መለኪያው ላይ አደረገችውና ሲቆጥር ሰማች። በጁላይ 4 ቀን 1934 የደም መቅኔዋ ደም መሥራት አቁሞ በ66 ዓመቷ ሞተች። ኢሬን በሚቀጥለው ዓመት ኖቤል ተሸለመች፤ እሷም በ1956 በደም ካንሰር ሞተች።

በ1995 አጽሟ ፈረንሳይ ታላላቆቿን ወደምትቀብርበት ፓንቴዮን ተዛወረ፤ በገዛ ሥራዋ እዚያ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። የላቦራቶሪ ደብተሮቿ ዛሬም ፓሪስ ባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በእርሳስ በተለበጠ ሣጥን ተቀምጠዋል። በገጾቹ ላይ የቀረው ሬዲየም ግማሽ እስኪሆን ከ1,500 ዓመት በላይ ይቀረዋል። ማየት የሚፈልግ ሰው ኃላፊነቱን ወስዶ ፈርሞ ነው የሚገባው።